አሥራ ሁለት ደቂቃ

«አዎ፣ ሦስት ጊዜ። ሦስቱንም ጊዜ ድስቱ ከሰል መስሎ ነው የተገኘው። የለም፣ ከቤት ወጥተው አይጠፉም። ምግባቸውንም ራሳቸው ይበላሉ፣ አስቸጋሪ ሰው አይደሉም። እሳት ብቻ ነው። ምድጃም ሆነ ክብሪት እጃቸው እንዳይገባ ካደረጋችሁልን ሌላ ምንም አያስቸግሯችሁም።» ቺጉሳ ይህን በስልክ የምትናገረው መታጠቢያ ቤት ገብታ፣ በሩን ዘግታ፣ ውሃውንም ከፍታ ነው። የዮኮሃማ አፓርታማ በር ግን ከካርቶን ብዙም አይሻልም። ባለቤቷ ሂዴፉሚ ከመኝታ ቤት ሲወጣ እናቱን ኪኑኤን ኮሪደሩ ላይ አገኛቸው፤ የጥርስ ብሩሻቸውን በብርጭቆ ይዘው ተራቸውን እየጠበቁ ነበር። ሰምተዋል። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው፣ ጆሯቸው ግን የወደቀ መርፌ አያመልጠውም። እናትና ልጅ ዓይን ለዓይን ተያዩ። መጀመሪያ ዓይኑን የሰበረው ልጅ ነው።

«ክብሪቱን ከከለከሉኝ አይቀር ምላሴንም ይከልክሉኝ በላት» አሉ ኪኑኤ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የበለጠ የሚያቃጥለው እሱ ነው።»

ሂዴፉሚ ለመሳቅ ሞከረ፣ አልሆነለትም። እናቱ የሳካይ ሰው ናቸው፤ በዚያ በኦሳካ በኩል ሰው ቀብር ላይም ቢሆን አንድ ቀልድ ካልጣለ የመጣ አይመስለውም። ዮኮሃማ ተወልዳ ያደገችው ቺጉሳ በስድስት ወር ውስጥ አማቷ የሚቀልዱትንና የምራቸውን የሚናገሩትን መለየት አልቻለችም፤ ስለዚህ ለሁሉም ራሷን ዝቅ አድርጋ «እሺ፣ እማማ» ትላለች። ይህ ደግሞ ኪኑኤን ከስድብ በላይ ያስከፋቸዋል። ቁርስ ላይ ያን ቀን የተናገረው ቴሌቪዥኑ ብቻ ነበር። አውሎ ነፋሱ ከደቡብ እየመጣ ነው፣ ከሰዓት በኋላ ባቡሮች ሊቆሙ ይችላሉ አለ። የአሥራ ሦስት ዓመቷ ካሆ ሩዟን ሳትጨርስ ተነሥታ ወደ አያቷ ክፍል ገባችና የመስኮቱን ስፋት በሜትር ለካች፤ ለመጋረጃ ነው። ከዚያ «ደህና ሁኚ፣ አያቴ» ብላ ወደ ክለቧ ሄደች። ኪኑኤ የልጅቱን ጎድጓዳ ሳህን አንሥተው የተረፈውን ሩዝ በሉት።

የሚሄዱት ዛሬ ነው። ካኬጋዋ ከተማ ውስጥ፣ ከታናሽ እህታቸው ከያሱኤ ቤት አራት መንገድ አለፍ ብሎ፣ የአረጋውያን መኖሪያ ቤት አለ። በወር መቶ አርባ ስምንት ሺህ የን ነው፤ ዮኮሃማ ውስጥ በዚህ ዋጋ ቁም ሣጥንም አይከራይም። ክፍሉ እስኪለቀቅ አራት ወር ጠብቀዋል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ካልደረሱ ለቀጣዩ ተረኛ እንደሚሰጥ ትናንት ደውለው ነግረዋቸዋል፤ አውሎ ነፋስ ምክንያት ይሆን እንደሆነ ቺጉሳ ስትጠይቅ ሴትዮዋ በጣም ትሑት በሆነ ድምፅ አይሆንም ብላለች። ከዚያ ዓይነት ቤት ገብቶ ሻንጣውን ይዞ የተመለሰ ሰው ማንም አያውቅም። ይህን ሦስቱም ያውቁታል፣ ሦስቱም አይናገሩትም።

ነገሩ ሁሉ የመጣው በኮምቡ ነው። ኪኑኤ አርባ ዓመት ሙሉ ሳካይ ውስጥ በዘጠኝ ካሬ ሱቅ ኮምቡ የሚባለውን የባሕር ቅጠል ሾዩ በሚባለው ጥቁር የአኩሪ አተር መረቅ አፍልተው፣ አድርቀው፣ በጥቅል ሲሸጡ ኖረዋል። ባላቸው ሞተው ሱቁ ሲዘጋ ይዘውት የመጡት አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃና ከምድጃው ጋር የሚሠራ ሰዓት መቁጠሪያ ነው፤ ባላቸው ለሱቁ መክፈቻ የገዙላቸው ነው። የጫማ ሣጥን የሚያህል ቡናማ ነገር ነው። ግድግዳው ላይ ይሰካል፣ ምድጃው ደግሞ እሱ ላይ ይሰካል፣ እስከ ስልሳ ደቂቃ ይሞላል፣ ሲያልቅ ይደውልና መብራቱን ራሱ ይቆርጣል። ሾዩው መጠጥ እስኪል ያለችው የመጨረሻዋ አርባ ደቂቃ ናት ጭንቅ። ስለዚህ ኪኑኤ አርባ ሞልተው፣ ክዳኑን ከድነው፣ ጎናቸውን ያሳርፋሉ፤ ሲደወል ይነሣሉ። ሳካይ ውስጥ አንድም ቀን አርሮባቸው አያውቅም። እዚህ ግን በሚያዝያ አረረ፣ በሰኔ አረረ፣ ባለፈው ሳምንት ደግሞ ለሙታን መታሰቢያው በዓል ሲያበስሉ የጭሱ ደወል ሕንፃውን አናወጠው። የሕንፃው ጠባቂ የእሳት ማጥፊያ ተሸክሞ አራት ፎቅ ሮጦ ወጣ። በማግስቱ አሳንሰሩ ውስጥ «አራተኛ ፎቅ የምትኖሩ እባካችሁ በእሳት ተጠንቀቁ» የሚል ወረቀት ተለጠፈ። አራተኛ ፎቅ ላይ ያሉት ሁለት ቤቶች ናቸው፤ አንዱ ባዶ ነው።

በሚያዝያው ጊዜ ኪኑኤ «ደወሉ ዘግይቷል» ብለው ነበር። ቺጉሳ ሂዴፉሚን አየችው። የቤቱ የኤሌክትሪክ ሰው እሱ ነዋ። መቁጠሪያውን ሰካው፣ ትንሽ አዞረው፣ ጥርሱን እየፋቀ ጠበቀ፣ ደወለ። «ይኸው ደወለ እኮ፣ እማ» አለ። የማስታወስ ችግር የሚመረምረው ሐኪም ዘንድ በሄዱም ጊዜ እንዲሁ ሆነ። ሐኪሙ ኪኑኤን ሦስት ቃል አስያዛቸው፤ ሁለቱን መለሱ። ሰዓት አሣላቸው፤ ክቡን አሳምረው ሣሉ፣ ዘንጎቹ ላይ ሲደርሱ ተጨነቁ። «ለዕድሜያቸው መጥፎ አይደለም» አለ ሐኪሙ፣ «ግን ድስቱ ሦስት ጊዜ ማረሩ… መቁጠሪያው ይሠራ ነበር?» ሂዴፉሚም «እኔ ራሴ አይቼዋለሁ፣ ደህና ነው» ብሎ መለሰ። ሐኪሙ ይህንን ጻፈው። የካኬጋዋው ቤት የተቀበላቸው በዚያ ወረቀት ነው።

ሦስት ሰዓት ሊሆን ሲል ቺጉሳ ለግማሽ ቀን ወደምትሠራበት የጥርስ ሐኪም ቤት ወጣች። ኪኑኤ አምስት የኬክ ሣጥን፣ እያንዳንዱ የአንድ ሺህ ሰማንያ የን፣ በሁለት ፌስታል አድርገው ጎረቤት ለመሰናበትና ስለ ጭሱ እንደገና ይቅርታ ለመጠየቅ ተዘጋጁ። የሄደ ሰው ባዶ እጁን አይሰናበትም፣ ጭስ ያስነሣ ደግሞ በምንም ዓይነት። ከመውጣታቸው በፊት ልጃቸውን ወደ ራሳቸው ክፍል ጠሩት። አልጋው፣ ሣጥኑ፣ የግድግዳው ሰዓት ትናንት በጭነት ሄደዋል። የቀረው አንድ አጭር ጠረጴዛና መቁጠሪያው ነው።

«ባዶ ነው፣ ጸጥ ይላል። እዚህ አጥና» አሉት። «ስልክህን ወጥ ቤት መሳቢያ ውስጥ ክተተው፤ ስልክ ያለው ሰው አያጠናም። ይኼ ይቆጥርልሃል።» ጎንበስ ብለው መቁጠሪያውን ሰኩለት፣ የጠረጴዛ መብራቱንም በእሱ ላይ ሰኩ። «አባትህ ቢሆን ‹ስልሳ ደቂቃ ሙሉ የተቀመጠ ልጅ አለኝ እንዴ?› ይል ነበር።»

ሂዴፉሚ የሚሠራው የትልልቅ ሕንፃዎችን የማሽን ክፍል በሚጠብቅ ድርጅት ነው። አርባ ስድስት ዓመቱ ነው፣ ከእሱ በዕድሜ አሥራ አምስት ዓመት የሚያንሰው አለቃው መንጃ ፈቃድ እንደሚያሳይ ሰው የኤሌክትሪክ ኃላፊነት ፈቃዱን ደረቱ ላይ ሰክቶ ይዞራል። ፈተናውን ሁለት ጊዜ ወድቋል፣ ሦስተኛው ስምንት ቀን ቀርቶታል። ሁለቱንም ጊዜ የጣለው ያው አንድ ነገር ነው፤ የተለዋዋጭ ጅረት ፍላጻዎች። የባትሪ ጅረት አያስቸግረውም፣ በዚህ ገብቶ በዚያ ይወጣል። ተለዋዋጩ ግን ይወጣል ይወርዳል፣ ይሄዳል ይመለሳል፣ ገፊው ቮልቴጅና የሚፈስሰው ከረንትም አብረው አይውሉም። በማታው ኮርስ አንድ ጡረተኛ መምህር «እያንዳንዱን እንደ ሰዓት ዘንግ የሚዞር ፍላጻ አድርጋችሁ ሣሉት» ብለዋቸው ነበር። «ምድጃ ውስጥ ሁለቱ ፍላጻዎች ተደራርበው ይዞራሉ። ጥቅል ሽቦ ውስጥ ከረንቱ ወደ ኋላ ይቀራል፣ ሚስቱ ‹ቶሎ በል› እያለች የምትጎትተው ባል ነው። ካፓሲተር ውስጥ ደግሞ ቀድሞ ይሮጣል። ወረቀት ላይ የቆሙት እኛ ፎቶ ስላነሣናቸው ነው እንጂ እነሱስ ይዞራሉ። ይህን የረሳ ይወድቃል።» ሂዴፉሚ ይህን በቀይ ቀለም ጽፎ የደብተሩ ልባስ ላይ ለጥፎታል።

በሩ ተዘጋ፣ እናቱ ወረዱ። መቁጠሪያውን ጥግ ድረስ፣ ስልሳ ላይ አዞረው። የፈተናው ጊዜ ዘጠና ደቂቃ ነው፤ የመጀመሪያውን ክፍል በስልሳ መጨረስ አለበት፣ እስከ ዛሬ ግን አንድም ቀን ከሰባ በታች ጨርሶት አያውቅም። መስኮቱ ወደ ሰሜን ነው፣ ሰማዩ ደግሞ ጠቁሯል፤ የጠረጴዛው መብራት ባይኖር ፊደል አይታይም። መቁጠሪያው ከጎኑ እንደ ጉንዳን መንጋ ስስ ድምፅ እያሰማ ይሠራል። ትኩስ የሾዩ ሽታ ከውስጡ ይወጣል፣ አርባ ዓመት የጠጣው ነው። አንደኛውን ሠራ፣ ሁለተኛውን ሠራ። ሰባተኛው ላይ ደረሰ፤ አንድ ጥቅል ሽቦ በመቶ ቮልት፣ በስልሳ ሄርዝ፣ ማለትም በሴኮንድ ስልሳ ዙር፣ ሲሠራ የሽቦው መቋቋም ስምንት ኦም፣ ከመጠቅለሉ የሚመጣው ደግሞ ስድስት ኦም ነው፤ ሃምሳ ሄርዝ ወዳለበት አካባቢ ቢዛወር ከረንቱ ስንት ይሆናል? ድሮ ቢሆን እዚህ ላይ ያልበው ነበር። አሁን ግን ስምንቱን ወደ ጎን ሣለ፣ ስድስቱን ወደ ላይ አቆመ፣ ሁለቱን የሚያገናኘው ሰያፍ አሥር ሆነ፤ ከረንቱ አሥር ነበር ማለት ነው። ሃምሳ ሲሆን ፍላጻው በዝግታ ይዞራል፣ የቆመው ስድስት በአምስት ስድስተኛ ይባዛል፣ አምስት ይሆናል። ሰያፉ አጠረ፣ ማዕዘኑ ጠበበ፣ ከረንቱ አሥር ነጥብ ስድስት ሆነ። ጠርዙ ላይ «አምስት ስድስተኛ» ብሎ በእርሳስ ጻፈና ገጹን ገለበጠ። ደስ አለው።

የመጀመሪያውን ክፍል ጨርሶ እርሳሱን ካስቀመጠ በኋላ ሁለት ደቂቃ ያህል ቆይቶ ነው የተደወለው። መብራቱ ጠፋ፣ ክፍሉ ጨለመ። ሂዴፉሚ ጨለማው ውስጥ ብቻውን ሳቀ። ሰባውን ስልሳ አድርጎታል! ዘንድሮ ያልፋል፣ ፈቃዱን ያገኛል፣ ያ ሕፃን አለቃው በአክብሮት ያናግረዋል። ለቺጉሳ መልእክት ሊጽፍላት እየተጣደፈ ወጥ ቤት ሄደና ስልኩን ከመሳቢያው አወጣ። ሰዓቱ አራት ሰዓት ከአሥራ ሦስት ይላል። የጀመረው ሦስት ሰዓት ላይ ነው፤ ደቂቃዋን አይቶ ነው ስልኩን የከተተው። ከክፍሉ ወጥ ቤት አሥር እርምጃ ነው። አሥራ ሁለቱ ደቂቃ የት ሄደ? መጀመሪያ የተሰማው ንዴት ነው፤ አልጨረስኩም ማለት ነው፣ እንደ ወትሮው ሰባ ደቂቃ ፈጅቶብኛል ብሎ ለራሱ አዘነ። ስለ እናቱ ያሰበው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን በኋላ ሲያስበው ከሁሉ የሚያሳፍረው ይኸው ነው።

ወደ ክፍሉ ተመለሰ። ስልኩን አጠገቡ አድርጎ መቁጠሪያውን አምስት ላይ ሞላው። በስድስተኛው ደቂቃ ደወለ። አሥር ሞላው፣ በአሥራ ሁለት ደወለ። ነቅሎ ገለበጠው። ሥሩ ላይ አንዲት የብረት ሰሌዳ አለች፤ ሾዩ ደርቆባት እንደ ሬንጅ ሆኗል። በአውራ ጣቱ ጥፍር ፋቀው፣ ትንሽ ምራቅ አስነክቶ እንደገና ፋቀው፣ እስኪጠራ ድረስ ፋቀው። «100 ቮልት፣ 60 ሄርዝ» ይላል። ከዚያ በታች ምንም የለም፤ ሃምሳ የሚል የለም።

የዚህ አገር መብራት ሁለት ነው። ከፉጂ ወንዝ ወዲህ ያለው፣ እነ ዮኮሃማና ቶኪዮ፣ በሴኮንድ ሃምሳ ጊዜ ይዞራል፤ ከወንዙ ወዲያ ያለው፣ እነ ሳካይና ካኬጋዋ፣ ስልሳ። ድሮ አንዱ ማሽኑን ከጀርመን፣ ሌላው ከአሜሪካ ስላስመጣ ነው፣ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኗቸው አልታረቁም። የዛሬ ዕቃ ሁለቱንም ስለሚችል ሰው ሁሉ ነገሩን ረስቶታል። በመቁጠሪያው ውስጥ ያለችው ሞተር ግን የምትሄደው የመብራቱን ዙር እየቆጠረች ነው፤ ሳካይ ስድስት እርምጃ በምትሄድበት ጊዜ ውስጥ እዚህ አምስት ብቻ ትሄዳለች። ምድጃው ደግሞ ግድ የለውም፣ በሃምሳም በስልሳም እኩል ይግላል። እናቱ አርባ ሲሞሉ አርባ ስምንት ደቂቃ ሲነድ ነበር የኖረው። ኮምቡውን ከሰል ያደረጉት እነዚያ ስምንት ደቂቃዎች ናቸው። አልረሱም፣ አልተኙበትም፣ ደወሉ ዘግይቷል ሲሉ እውነታቸውን ነበር። ሂዴፉሚ ሥራ ቦታው ላይ ሰሌዳውን ሳያነብ አንድ አምፖል እንኳ ሰክቶ አያውቅም፣ አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ የመጀመሪያው ትምህርት ይኸው ነው። የእናቱን ዕቃ ግን ጥርሱን እየፋቀ ነው የመረመረው።

እናቱ እስኪመጡ መሬት ላይ ተቀምጦ ቆየ። የሚለውን አዘጋጀ። «እማ፣ ይቅር በይኝ፣ ጥፋቱ የኔ ነው» ብሎ ይጀምራል። ከዚያ ቺጉሳ ጋ ይደውላል፣ ከዚያ ካኬጋዋ። ቀላል ነው። በሩ ተከፈተ፣ ኪኑኤ ባዶ ፌስታሎቹን አጣጥፈው ገቡ፣ ትከሻቸው በዝናብ ርሷል።

«የሦስተኛ ፎቋ ሴትዮ እጄን ይዛ አለቀሰች» አሉ ጫማቸውን እያወለቁ። «ደስታው ነው መሰለኝ።»

«እማ…»

«ምነው? ፊትህ ምን ሆኗል? ከበደህ እንዴ ፈተናው?»

«የለም። ሞልቷል… ማለቴ፣ ጨርሻለሁ። ርሰሻል፣ ፎጣ ላምጣልሽ» አለና ፎጣ ሊያመጣ ሄደ። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ፎጣውን ይዞ ቆመ። ቺጉሳ ስትመጣ ለሁለቱም አንድ ላይ እነግራቸዋለሁ፣ ይሻላል፣ ሁለት ጊዜ ከማስረዳት ብሎ አሰበ።

ቺጉሳ አምስት ሰዓት ላይ መጣች፤ ጃንጥላዋ ተሰብሯል፣ ለባቡር የሚሆን ሁለት የምሳ ሣጥን በሺህ ሁለት መቶ የን ሂሳብ ገዝታ ይዛለች። አማቷ ክፍላቸው ውስጥ ልብስ ሲቀይሩ ባሏን ወደ ወጥ ቤት ሳበችውና ግንባሯን ደረቱ ላይ አሳረፈች። እንዲህ ካደረገች ዓመት ሳይሆናት አይቀርም። «ትናንት ተኛሁ» አለችው በሹክሹክታ። «ጭስ ሸተተኝ ብዬ ሳልነቃ ነጋ። በስድስት ወር የመጀመሪያ ነው። መጥፎ ሰው ነኝ አይደል? እሳቸው ስለሚሄዱ ነው የተኛሁት።» አለቀሰች። ከሰኞ ጀምሮ ሙሉ ቀን እንደምትሠራ ለጥርስ ሐኪሙ ነግራዋለች፤ የካሆ ጠረጴዛ አሥር ሰዓት ላይ ይመጣል፣ መኪናው ተነሥቷል። ሂዴፉሚ ጀርባዋን መታ መታ አደረጋት።

«ቺጉሳ፣ ያ መቁጠሪያ…»

ቀና ብላ አየችው። ዓይኗ ቀልቷል። «ምን ሆነ?»

ዝናቡ የበረንዳውን ቆርቆሮ ይደበድባል።

«ምንም። ይጠቀለል ወይ ልል ነው።»

ልብ በሉ፣ ክፉ ሰው አይደለም። ለእናቱ የመጨረሻዋን ዓሣ ቁራጭ የሚያስቀር ልጅ ነው። እናቴ ነገ ሰማንያ ትሞላለች፣ ዛሬ ባይሆን በሚቀጥለው ዓመት አይቀርም፣ ክፍሉ አንዴ ካመለጠ አይገኝም፣ እዚያ እህቷ አለች፣ የሐኪሙ ወረቀትም ሁለት ቃል እንጂ ሦስት አላለም አለ ለራሱ። አንድ በአንድ ሲታይ ሁሉም እውነት ነው። ይህን ሁሉ ያሰበው ግን ሻንጣውን ወደ በሩ እየጎተተ ነው፤ እጁ ቀድሞት ወስኗል።

ኪኑኤ በሩ ላይ ተቀምጠው ጫማቸውን አሰሩ። ግራጫ ሱሪና ለሱቁ የመዝጊያ ቀን የለበሱትን ሸሚዝ ለብሰዋል። ተነሡና ልብሳቸውን አስተካክለው ልጃቸውን ቀጥ ብለው አዩት።

«ሂዴ፣ ጠዋት በመቁጠሪያው ሠርተህበታል አይደል?»

«ሠርቼበታለሁ።»

«ስልሳ ሙሉ?»

«ስልሳ።»

«ታዲያ እንዴት ነው? ልክ ነው?»

ቺጉሳ ጃንጥላ እያነሣች ነበር፣ ቀጥ አለች። ኪኑኤ ለመሳቅ የተዘጋጀ ፊት አልነበራቸውም። ከሚያዝያ ጀምሮ ሲጠይቁ የኖሩትን ነው የሚጠይቁት፤ የሚያምኑትም ሰው አንድ ነው።

«ልክ ነው፣ እማ» አለ ሂዴፉሚ።

ኪኑኤ ራሳቸውን ነቀነቁ፣ ሁለት ጊዜ። «እንግዲያው የኔው ጭንቅላት ነዋ» አሉ። ቀልድ አልጨመሩበትም። ከዚያ ወደ ቺጉሳ ዞረው፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው፣ ወገባቸው እስኪታጠፍ ዝቅ አሉ። «ስድስት ወር አስጨነቅኩሽ። እኔማ በልቤ አንቺን ስከስ ነበር። ምራቴ ምድጃውን ትነካብኛለች እል ነበር። ይቅር በይኝ።» ቺጉሳ ከእሳቸው በላይ ዝቅ አለች፣ «የለም፣ እማማ፣ የለም» እያለች። ሁለቱ ሴቶች እንደዚያ ተጎንብሰው ሲቆዩ ሂዴፉሚ የአሳንሰሩን ቁልፍ ተጭኖ ጀርባውን ሰጥቷቸው ቆመ። አሳንሰሩ ሲመጣ ኪኑኤ ተመልሰው ክፍላቸው ገቡና መቁጠሪያውን በሰማያዊ ጨርቅ ቋጥረው ይዘው ወጡ።

«እሱን እንኳ ተዪው፣ እማ። አርጅቷል» አለ ሂዴፉሚ።

«አንተው አይደለህ ልክ ነው ያልከው?» አሉ እናቱ።

የስድስት ተኩሉ ባቡር አልተሰረዘም፤ ከእሱ በኋላ የነበረው ተሰረዘ። እናትና ልጅ በመስኮቱ በኩል ጎን ለጎን ተቀመጡ። ኪኑኤ የምሳ ሣጥናቸውን ከፍተው ጥግ ላይ ያለችውን የኮምቡ ቁራጭ መጀመሪያ ቀመሱ። «ስኳር አብዝተውበታል» አሉና ተዉት። ቋጠሮው ጭናቸው ላይ ነው። የፉጂ ተራራ በደመና ተሸፍኗል፣ ሩዝ ማሳዎቹ ላይ ዝናቡ አግድም ይሄዳል። የሺን-ፉጂ ጣቢያ ላይ ጥቂት ሰው ወረደ፣ ማንም አልተሳፈረም።

«ያሱኤ ቤት እሑድ እሑድ መሄድ ይፈቀዳል ብለውኛል» አሉ ኪኑኤ ባቡሩ እንደገና ሲነሣ። «ምድጃ አላት። አርባ ሞልቼ ቁጭ እላለሁ፣ እሷ በእጅ ሰዓቷ ትይዝልኛለች። እሷ እያየችኝም ካረረ፣ ያን ጊዜ እጄን እሰጣለሁ፣ በቃ። የሚያስፈራኝ ማረሩ አይደለም፣ አለማወቄ ነው።»

«ካላረረስ?» ቃሉ ከአፉ አመለጠው።

ኪኑኤ አሰቡ። «ካላረረማ…» አሉና ልጃቸውን አዩት፣ ረጅም ጊዜ አዩት። «ካላረረማ እደውልልሃለሁ።»

ባቡሩ ድልድዩ ላይ ወጣ። ከታች የፉጂ ወንዝ ደፍርሶ፣ ግንድ እየተሸከመ፣ ዳር እስከ ዳር ሞልቶ ይወርዳል። ሂዴፉሚ የወንዙን ወዲያኛ ዳር አየ። አክስቱ ያሱኤ ትዝ አለችው። ሟች ባሏ ካኬጋዋ ውስጥ ሠላሳ ዓመት የኤሌክትሪክ ዕቃ ሸጧል፤ እሷም ከሱቁ መደርደሪያ ኋላ ቆማ አርጅታለች። በዚያ በወንዙ በኩል የሚኖር ሰው ከሩቅ የመጣ ዕቃ ሲያገኝ ሳይሰካው በፊት ገልብጦ ሥሩን ያነባል፤ ያሱኤ ደግሞ የሰው ቤት ማንቆርቆሪያ እንኳ ሳትገለብጥ አታልፍም፣ ቤተሰቡ ሁሉ ይስቅባታል። ሰሌዳዋን ስታነብ መጀመሪያ የምትጠይቀው «ዮኮሃማም በዚሁ ነበር የምትሠሪው? ሂዴ አላየውም?» ብላ ነው። ሂዴፉሚ እጁን አየ። ከአውራ ጣቱ ጥፍር ሥር የሳካይ ሾዩ ጥቁረት አሁንም አለ። ሰሌዳዋ እንደዚያ የጠራችው በእሱ ጥፍር ነው፤ ትናንት ቢሆን ማንም አያነባትም ነበር።

«ስንት ቀረን?» አሉ እናቱ ቋጠሮውን እያጠበቁ።

ስልኩን አየ። «አርባ ደቂቃ» አለ።